የጋሽ ሳሊህ ዘጠና ጥያቄዎች

«ጥያቄው እንዳለ ነው የሚመጣው! ነጥብ እንኳ አይነካም!»

ይህን ወሬ ባሕር ዳር ጀልባ ማቆሚያው ላይ የዘራው ሙሔ ነው። ሙሔ ተሳፋሪ የሚጠራ፣ ገመድ የሚያስር፣ ነጂ ሲታመም ደግሞ ሞተር የሚይዝ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። ከዚህ ጮሆ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ይሰማል እያሉ ይቀልዱበታል። ወሬውን ጠዋት ከሰላምታ በፊት ይናገራል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይደግመዋል፣ ማታ ጀልባ ሲታሰር እንደ አዲስ ያመጣዋል። «ማን ነገረህ?» ሲሉት «የሚያውቅ ሰው» ይላል። «የሚያውቀው ሰው ማነው?» ሲሉት «እንዳልናገር አስምሎኛል» ይላል። ሦስት ቀን ሳይሞላ ወሬው ከራሱ ከሙሔ በላይ ታመነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት በጣና ላይ ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሁሉ የጽሑፍ ፈተና አልፎ የብቃት ወረቀት እንዲይዝ ታዘዘ። ወረቀቱ የሌለው ሰው ከጥር ጀምሮ መሪ አይጨብጥም። ትእዛዙ በወጣ በሳምንቱ ዘጠና ጥያቄ ከነምርጫው የያዘ፣ መልሱም በእስክርቢቶ የተከበበ ወረቀት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ አለ። «ይኸው እሱ ነው» አለ ሙሔ፤ ሌላ ማስረጃ የጠየቀም አልነበረም።

ወረቀቱ የሚባዛው ከማቆሚያው አጠገብ ባለችው በሉባባ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው። ሉባባ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት። ስምንተኛ ክፍል ሳለች አባቷ ሲሞቱ ትምህርቷን ትታ ማሽኑን ወረሰች፤ ከዚያ ወዲህ መምህሯ በማሽኑ ላይ ያለፈው ወረቀት ሆነ። ተማሪዎች የሚያባዙትን የፊዚክስ መጽሐፍ ታነባለች፤ የነርሶችን ማስታወሻ ታነባለች፤ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ሳይቀር ታነባለች። «ምን አገባሽ?» ያላት ሰው «በእጄ ያለፈ ሁሉ ያገባኛል» የሚል መልስ ይዞ ይሄዳል። «እኔ ያላነበብሁት ወረቀት ከዚህ ሱቅ አይወጣም» ማለትም ትወዳለች፤ ይህን ስትል አገጯን ቀና ታደርጋለች። የፈተናውን ማስታወቂያ ሃያ ቅጂ አባዝታ በየምሰሶው የለጠፈችው ራሷ ናት። በማግሥቱ የነጂዎች ማኅበር ጸሐፊ ወለላ መጥታ «ዋናውስ?» ብትላት «ወስደሽዋል» አለች። ወለላ «አልወሰድሁም» አለች። ሁለቱም ከቃላቸው አልነቃነቅ ብለው አንድ ሳምንት ተኮራረፉ፤ ዋናው ወረቀት ግን ሳይገኝ ቀረ።

ከወር በኋላ፣ ፈተናው ሃያ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ ሳሊህ ወደ ሱቋ ጎራ አሉ።

ጋሽ ሳሊህን በባሕር ዳርና በቁንዝላ መካከል የማያውቃቸው የለም። አባታቸው ከሐይቁ ዳር ከሚታጨድ ደንገል ታንኳ ይሠሩ ነበር። እሳቸው ከደንገል ወደ እንጨት፣ ከእንጨት ወደ ሞተር ተሻግረው በሐይቁ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል። ምጥ የያዛትን ሴት፣ ሙሽራን፣ የጤፍ ኩንታልን፣ በሬን ሳይቀር አሻግረዋል። አንድም ሰው ውሃ በልቶባቸው አያውቅም። አሁን በስድሳ ዓመታቸው መሪውን ለሌላ ሰው አስረክበው ከኋላ ተሳፋሪ ሆነው መቀመጥ እንደ ሞት ሆኖ ታይቷቸዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሉባባ። እስቲ ይህን ወረቀት አጉልተሽ አትሚልኝ። ፊደሉ እንደ ጉንዳን እየሆነ ዓይኔን ፈጀው።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ጋሽ ሳሊህ። ይቀመጡ።»

ወረቀቱን አስተካክላ ክዳኑን ከመዝጋቷ መብራት ድርግም አለ። ማሽኑ አቃሰተና ዝም አለ። በባሕር ዳር መብራት ሲጠፋ መቼ ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ጋሽ ሳሊህም ቁጭ አሉ። ቁጭ ብለውም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወገባቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደ ቀዛፊ እያወዛወዙ ያነበንቡ ጀመር።

«ሃያ ዘጠኝ ሀ፣ ሠላሳ ሐ፣ ሠላሳ አንድ ለ፣ ሠላሳ ሁለት መ፣ ሠላሳ ሦስት መ…»

ሉባባ አላስቻላትም። «ምን እየቀዘፉ ነው?»

«ፈተናውን ነዋ።»

«ጥያቄው የታል? እኔ የምሰማው ቁጥርና ፊደል ብቻ ነው።»

«ጥያቄውን ምን ላደርገው? እንዳለ ከመጣ ቁጥሩን አይቼ ፊደሉን ማክበብ ነው። ሙሔ ነው የነገረኝ።»

«ሙሔ!» አለችና ሳቀች። «ጋሽ ሳሊህ፣ አይቆጡኝና፣ ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ምንድን ነው የሚለው?»

«ለ ነው።»

«መልሱን አይደለም የጠየቅሁዎ፤ ጥያቄውን ነው።»

ጋሽ ሳሊህ ዓይናቸውን ገለጡ። ጣራውን አዩ፤ ውሃውን አዩ፤ መጨረሻ ላይ ሉባባን አዩ። «ለ ነው አልሁሽ እኮ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም።

ሉባባ ምላሷን መያዝ የማትችል ልጅ ናት። ማሽኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና «ይህም እኮ የሰጡትን ወረቀት እንዳለ ይይዛል። ፈተና ላይ ግን አስቀምጠነው አናውቅም» አለች።

«አንቺ ልጅ! ምላስሽ ከጀልባዬ ሞተር ይበልጣል!» ጋሽ ሳሊህ ከወንበራቸው ተነሡ። ነገር ግን ወረቀታቸው በማሽኑ ሆድ ውስጥ ነበርና መሄድ አልቻሉም፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ይህ ባይሆን ኖሮ የዚህ ታሪክ ባለቤት ተቆጥቶ የሄደ ሽማግሌ፣ ትርጓሜውም የአንዲት አፈኛ ልጅ ውርደት በሆነ ነበር።

«አፉ ይበሉኝ» አለች ሉባባ፤ እሷም ደንግጣለች። «ለመሳደብ አይደለም። ሰው ሠላሳ አራት ዓመት ያወቀውን ውሃ በፊደል ቁጥር ሲፈተን ማየት አናዶኝ ነው።»

«ቆይ እንጂ፤ ሽምደዳ ምን በደለሽ?» አሉ ጋሽ ሳሊህ። «እኔ በሰባት ዓመቴ መድረሳ ገብቼ የቁርኣንን አጫጭር ምዕራፎች በቃሌ ያዝሁ። ትርጉሙን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ይኸው ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆነው፤ አንዲት ሐረግ አልጎደለችብኝም። በቃል የተያዘ ነገር አይበረክትም የምትይ ከሆነ፣ እሱን እንዴት ታደርጊዋለሽ?»

ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነበር፤ ሉባባም ጠንካራ ጥያቄ ሲያጋጥማት ትወዳለች።

«ጋሽ ሳሊህ፣ ያንን በቀን ስንት ጊዜ ይሉታል?»

«በየሶላቱ ነዋ። አምስት ወቅት።»

«ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አምስት ጊዜ። የሚወዱት ነው፣ በፍርሃትና በፍቅር የሚሉት ነው፣ ትርጉሙንም በኋላ ጠይቀው አውቀዋል። 'ሠላሳ አንድ ለ'ን ግን ከፈተናው ማግሥት ጀምሮ በየትኛው ወቅት ሊሰግዱበት ነው?»

ጋሽ ሳሊህ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «አስተግፊሩላህ። ይህንስ አልሰግድበትም።»

«እንግዲያ ማን ይጠብቀዋል? የሚደጋግመው የለ፣ የተንጠለጠለበት ነገር የለ። እስቲ ሐቁን ይንገሩኝ፤ ባለፈው ሳምንት የያዟቸው አሁን አሉ?»

«ይሸሻሉ» አሉ ዝቅ ብለው። «ሰኞ የያዝሁት ሐሙስ የለም። ሐሙስ መልሼ ስይዘው ደግሞ ሌላው ይጠፋል። ዕድሜ ነው እያልሁ ነበር።»

«የቁንዝላን ማቆሚያ ድንጋይ ረስተው ያውቃሉ?»

«እሱማ እንዴት ይረሳል! ውሃ ሲጎድል ከግራ ትገባለህ፤ ድንጋዩ ከሥር ስላለ፣ ሞተሩን…»

«እንግዲያ ዕድሜ አይደለም» አለች ሉባባ።

ሽማግሌው የተናደዱ መስለው ነበር፤ ውስጣቸውን ግን የያዘው ቁጣ ሳይሆን የማወቅ ጉጉት ነበር። እውን ሰው የሚረሳው ስላረጀ ነው ወይስ አያያዙን ስላላወቀበት?

«እሺ፤ ወሬ ይቅርና እንሞክረው» አሉ ድንገት። «ከሃምሳ አንድ እስከ ስድሳ ያሉትን ዐሥር ጥያቄዎች በኔ መንገድ እሸመድዳለሁ። ከስድሳ አንድ እስከ ሰባ ያሉትን በአንቺ መንገድ። ከዚያ ወረቀቱን ትወስጂዋለሽ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ትጠይቂኛለሽ። የኔ ከበለጠ ይህን ምላስሽን እስከ ፈተናው ድረስ ትዘጊያለሽ።»

«የኔስ ከበለጠ?»

«ያን ጊዜ ዘጠናውንም ታስተምሪኛለሽ፤ እኔም እንደ ልጅ እማርልሻለሁ።»

መብራቱ መጣ። ማሽኑ ወረቀቱን አጉልቶ ተፋው።

በማግሥቱ ሉባባ ሱቋን ዘግታ ወደ ጋሽ ሳሊህ ቤት ሄደች። ቤታቸው ከሐይቁ ዳር ደንገሉ በሚታጨድበት በኩል ነው። ባለቤታቸው እትዬ መዲና በረንዳው ላይ ተቀምጠው ለእንግዳ የሚሸጥ የክንድ ያህል ታንኳ ከደንገል ይሠሩ ነበር። በዙሪያቸው ዐሥር ያህል ትናንሽ ታንኳዎች ተደርድረዋል።

«አንቺ ነሽ ባሌን ተማሪ ያደረግሽው?» አሉ እትዬ መዲና ሳይነሡ። «ሌሊት በእንቅልፉ 'ሐ፣ ሐ' ሲል ሳል የያዘው መስሎኝ ማር በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት።»

«እንግዲያ ዛሬ መድኃኒቱን ይዤ መጣሁ» አለች ሉባባ። ከኪሷ ቀይና አረንጓዴ የለስላሳ ቆርኪዎች አወጣች። «ከታንኳዎቹ ሁለት ያውሱኝ።»

ቀዩን ቆርኪ በእያንዳንዱ ታንኳ ግራ ጎን፣ አረንጓዴውን በቀኝ ጎን ሰካች። ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ጀልባ በጨለማ ሲሄድ በግራው ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ መብራት ያበራል።

«ስድሳ አራተኛው ጥያቄ 'ከቀኝህ አቋርጦ የሚመጣ ጀልባ ቢያጋጥምህ ቅድሚያ ለማን ነው?' ይላል። መልሱ 'ከቀኝ ለሚመጣው' ነው። በቃልዎ ከመያዝዎ በፊት ይህች የእርስዎ ጀልባ ናት ይበሉና ከውስጧ ሆነው ይዩ። ያችኛይቱን ከቀኝዎ በኩል አመጣታለሁ። የሚታይዎ የትኛው መብራቷ ነው?»

ጋሽ ሳሊህ ተንበርክከው ጉንጫቸውን ከመሬት አጠጉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የስድሳ ዓመት ሰው እንዲህ ሆኖ ሲታይ ያስቃል፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

«ግራ ጎኗን ነው የምትሰጠኝ። ቀይ።»

«ቀይ ምን ይልዎታል?»

«ቁም።»

«አሁን ወደ እሷ ይግቡና ወደ ራስዎ ጀልባ ይመልከቱ።»

ሽማግሌው በጉልበታቸው ዞረው ሄዱ። «የኔ ቀኝ ጎን ነው ለሷ የሚታያት። አረንጓዴ!» ቀና አሉ። «እለፊ ይላታል! ለኔ ቁም፣ ለሷ እለፊ! መዲና፣ አየሽው? አንዱ ቀይ ሲያይ ሌላው አረንጓዴ ያያል፤ ስለዚህ ሁለቱም አብረው አይገቡም! ይህንን የሠራው ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው!»

«እኔ አልገባኝም» አሉ እትዬ መዲና። «ከግራህ ብትመጣስ?»

ጋሽ ሳሊህ ታንኳዋን ወደ ግራ ወሰዷት። እንደገና ተንበረከኩ። «ከግራ ስትመጣ ቀኝ ጎኗ ነው የሚታየኝ። አረንጓዴ። እኔ አልፋለሁ፣ እሷ ትቆማለች። ቢሆንም እሷ እንዳየችኝ እስክረዳ ዓይኔን አልነቅልም፤ ነጂዋ ሙሔ ቢሆንስ?»

ሉባባ ወረቀቱን መልሳ አየች። ከግራ ስለሚመጣው ወረቀቱ አንድም ቃል አልተናገረም ነበር። ሽማግሌው ያልተነገራቸውን መልስ ራሳቸው አገኙት። የገባው ነገር ከአንዱ መልስ ሌላ መልስ ይወልዳል፤ 'ሠላሳ አንድ ለ' ግን ሽማግሌውን ወደ ሌላ የትም አላደረሳቸውም።

«አሁን ወረቀቱን ይዝጉና ለእትዬ መዲና እንደገና ያስረዷቸው። ሲጠፋዎ ብቻ ይክፈቱት» አለች። «ነገ ሳያዩ አንድ ጊዜ ይንገሯቸው። ከዚያ ሦስት ቀን ይተዉት። ሊጠፋ ሲል ታግለው መልሰው ሲያመጡት ነው የሚጠነክር።»

«እኔስ ደመወዝ የለኝም?» አሉ እትዬ መዲና።

«እርስዎ 'ለምን?' ይበሏቸው። ሥራዎ እሱ ነው።»

«እሱማ ከተጋባን ጀምሮ የምሠራው ነው!»

ቀጣዩ ስድሳ ስምንተኛው ጥያቄ ነበር። «በደረቅ ወራት በጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስና ማዕበል የሚበረታው ለምንድን ነው?» ይላል። ሉባባ መልሱን ለማስረዳት አፏን ስትከፍት ጋሽ ሳሊህ እጃቸውን አነሡ።

«ይህንንስ እኔ ልንገርሽ። ጠዋት ዓሣ ጠባሾቹ ዘንድ ቆመሽ ጢሱን አይተሽው ታውቂያለሽ? ወደ ሐይቁ ነው የሚሄድ። ረፋድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከቀትር በኋላ ዞሮ ወደ ከተማው ይገባል። አባቴ 'ጢሱ ቀጥ ሲል ታንኳህን ወደ ዳር አስጠጋ' ይለኝ ነበር። ለምን እንደሚዞር ግን እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።»

ሉባባ ደነገጠች። ዘጠኝ ዓመት ከጠባሾቹ ሃያ እርምጃ ርቃ ተቀምጣ ጢሱ ዓይኗን ሲያቃጥላት ከመራገም በቀር ወዴት እንደሚዞር ልብ ብላ አታውቅም። ነፋሱን ከፊዚክስ መጽሐፍ ታውቀዋለች፤ ጢሱን ግን አላየችውም።

«ለምኑን እኔ ልንገርዎ» አለች፤ በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «መሬት ቶሎ ይሞቃል፤ ውሃ ይዘገያል። ከቀትር በኋላ የከተማው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይነሣል፤ ቦታው ባዶ እንዳይቀር ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛው ይገባበታል። ጢሱን የሚገፋው እሱ ነው። ሌሊት ደግሞ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ነገሩ ይገለበጣል።»

«ስለዚህ ነው ጠዋት ወደ ሐይቁ የሚሄድ!» ጋሽ ሳሊህ ጭናቸውን መቱ። «አምሳ ዓመት አይቼው፣ ዛሬ ገና ገባኝ። እውነትሽን ነው፣ ልጄ? ውሃ ይዘገያል? እስቲ ነገ ማለዳ እግሬን ነክሬ አየዋለሁ።»

በማግሥቱ ማለዳ ነክረውም አዩት። ውሃው ከአሸዋው ይልቅ ይሞቅ እንደነበር ለመናገር እግራቸው ሳይደርቅ ወደ ሉባባ ሱቅ መጡ።

የቀጠሮው ሐሙስ ደረሰ። ሉባባ ወረቀቱን ይዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፤ እትዬ መዲና ዳኛ ሆኑ። መጀመሪያ ከሃምሳ አንድ እስከ ስድሳ ተጠየቀ። ጋሽ ሳሊህ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀዘፉ። ሃምሳ አንድ ሐ፤ ልክ። ሃምሳ ሁለት ለ፤ ልክ። ሃምሳ ሦስት ላይ ሞተሩ ጠፋ። ከዐሥሩ አራት አገኙ፤ ከአራቱም አንዱ በግምት መሆኑን ራሳቸው አመኑ።

ከስድሳ አንድ እስከ ሰባ ያሉትን ግን ሉባባ ቁጥራቸውን አፋልሳ፣ አነጋገራቸውን ለዋውጣ ጠየቀቻቸው። ዘጠኙን መለሱ። አንዱን ሲመልሱ ተሳስተው መሀል ላይ «ቆይ፣ ቆይ፤ ጭነቱ ከፍ ካለ ጀልባዋ ትገለበጣለች፤ ስለዚህ ይህ ሊሆን አይችልም» ብለው ራሳቸውን አረሙ። የጠፋባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በአደጋ ጊዜ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ነው።

«አየሽ!» አሉ ጋሽ ሳሊህ፤ ተሸንፈው እንኳ እልሃቸው አልለቀቃቸውም። «የአንቺም መንገድ ቀዳዳ አለው!»

«አለው» አለች ሉባባ። «ስልክ ቁጥር 'ለምን' የለውም። እሱን ይሸምድዱት። እኔ ሽምደዳን አልጠላሁትም፤ በቦታው ይሁን ነው የምል። ምክንያት ያለውን ነገር ሁሉ እንደ ስልክ ቁጥር መያዝ ነው ጥፋቱ።»

ጋሽ ሳሊህ ወደ ውሃው ዞሩ። «አንድ ነገር ገረመኝ» አሉ። «እኔ ሐይቁን ማንም አላሸመደደኝም። እያየሁ፣ ለምን እያልሁ፣ እየተሳሳትሁ ነው የያዝሁት። ወረቀት ባየሁ ጊዜ ግን ይህንን ሁሉ ትቼ እንደ ሕፃን ሆንሁ። ወረቀት ፊት አእምሮ አይሠራም ያለኝ ማነው?»

ይህን ጥያቄ በአገራችን ስንቱ ተማሪ ራሱን ይጠይቅ ይሆን? ዓመቱን ሙሉ ደብተር ሲያኝክ ከርሞ በሰኔ የያዘውን በመስከረም የሚያጣው፣ አእምሮው ሰንፎ ሳይሆን የሚይዝበት እጀታ ሳይሰጠው ነው።

በቀሩት ቀናት ዘጠናውንም በዚሁ መንገድ ጨረሱት። የደንገሉ ታንኳዎች ጠጠር ተጭኖባቸው በገንዳ ውስጥ ተገለበጡ፤ ለምን እንደተገለበጡ ተከራከሩ። ሙሔ በዚያ ሲያልፍ አይቶ «ጋሽ ሳሊህ፣ በስተርጅና በአሻንጉሊት ጀመሩ?» ብሎ ሳቀ። «እኔ ዘጠናውንም በአራት ደቂቃ እወጣዋለሁ። እንዳለ ነው የሚመጣው፣ ወላሂ!»

የፈተናው ቀን ሉባባ ከመፈተኛው አዳራሽ ውጪ ካለ ዋርካ ሥር ቆማ ጠበቀች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሙሔ እየፈነጠዘ ወጣ።

«ምን አልሁሽ! እንዳለ መጣ! አንደኛው ያው፣ ሁለተኛው ያው! ከዚያማ ማንበብም አላስፈለገኝ፤ ፊደሉን ማክበብ ብቻ!»

ሉባባ ልቧ ወረደ። እውነት ከሆነ ሦስት ሳምንት ሽማግሌን በጉልበት ማስኬዷ ለምን ነበር?

ጋሽ ሳሊህ ለፈተናው የተሰጠውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨርሰው በመጨረሻ ወጡ። ፊታቸው ላይ ላብ አለ።

«ጥያቄው እንዳለ መጣ አሉ?» አለች ሉባባ።

«ጥያቄውስ ያው ነው፤ ተራውም ያው ነው» አሉ። «ምርጫዎቹ ግን ቦታ ተለዋውጠዋል። ለ የነበረው መ ሆኗል፣ ሐ የነበረው ሀ ገብቷል። እያነበብሁ ነው የሄድሁ።»

ሙሔ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ሲጠፋ በዓይን ይታይ ነበር። «ተለዋውጠዋል?» አለ፤ ያን የሚያህል ድምፅ አጠገቡ ላለ ሰው እንኳ አልተሰማም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ጋሽ ሳሊህ ከዘጠና ሰማንያ አንድ አገኙ። ሙሔ ሃያ ሁለት። ደግነቱ ለወደቁት በሚያዝያ ሌላ ዙር ተቀጠረላቸው። በማግሥቱ ሙሔ በጋሽ ሳሊህ በረንዳ ሥር ቆሞ ነበር።

«ጋሽ ሳሊህ፣ እነዚያ አሻንጉሊቶች… አሉ?»

«አሉ። ና ተንበርከክ።»

ከዚያ በኋላ በረንዳው ትምህርት ቤት ሆነ። ሰባት ስምንት ነጂዎች ተገልብጣ በተደፋችው አሮጌ ጀልባ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ጋሽ ሳሊህ ቆመው ይናገራሉ።

«ወንድሞቼ፣ እኔም እንደናንተ ፊደል ስቀዝፍ ነበርሁ። አሁን ግን አየሁት። በሽምደዳ የያዛችሁት አንድ ቦታ ሲነካ ሁሉም ይናዳል፤ የገባችሁ ግን ቢጎድል ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ። ሰው ሲያናግራችሁ ትመልሳላችሁ፤ ጥያቄው ቢገለበጥም አብራችሁ ትገለበጣላችሁ። ከምንም በላይ ደግሞ ውሃ ላይ ፊደል የሚያክብብ የለም። ማዕበሉ 'ሀ ነኝ' ብሎ አይመጣባችሁም። ወረቀቱን ስትዘጉ ለሚስቶቻችሁ አስረዱ። ካልገባቸው እናንተም አልገባችሁም።»

«ሚስት የሌለኝስ?» አለ ሙሔ።

«አንተ ዱሮም ለተሳፋሪ ትጮህ የለ፤ ለተሳፋሪ አስረዳ!»

ሙሔም ይህንኑ አደረገ። ወደ ቁንዝላ የሚሄድ ተሳፋሪ ሁሉ ወደደም ጠላም የመብራቱን ቀለምና የጢሱን ዙረት ሰምቶ ይወርዳል። በሚያዝያ ሙሔ ሰባ አምስት አገኘ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ጋሽ ሳሊህ ከቁንዝላ ሲመለሱ መሸባቸው። ከቀኛቸው ቀይ መብራት ብቅ አለ። እጃቸው ሞተሩን ሲቀንስ አእምሯቸው ገና አላሰበም ነበር፤ አንድ ጭነት የያዘ ጀልባ ከፊታቸው ተንሸራቶ አለፈ። በማግሥቱ ይህንን ለሉባባ ሲነግሯት «ስድሳ አራተኛው ነው» አለቻቸው። «ቁጥሩን ረስቼዋለሁ» አሉ እየሳቁ። «ቀዩን ግን አልረሳሁም።» ከፈተናው አምስት ወር አልፎ ነበር። ሉባባ አገጯን ቀና አደረገች።

ሰኔ ገባ። በመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የሱቋ ጣራ ስላፈሰሰ ሉባባ ማሽኑን ከግድግዳው ለማራቅ ወለላን ጠራቻት፤ ታርቀው ነበር። ሁለቱ ሲገፉት ከጠረጴዛውና ከግድግዳው መካከል አቧራ የለበሰ ወረቀት ወደቀ። ወለላ አነሣችው። «ይኸውልሽ! አልወሰድሁም አላልሁሽም?»

የፈተናው ማስታወቂያ ዋና ቅጂ ነበር። ሉባባ አቧራውን ጠርጋ ፊቱን አየችው፤ በየምሰሶው የለጠፈችው፣ ቃል በቃል የምታውቀው ነው። ወደ ጎን ልታስቀምጠው ስትል ከወዲያ በኩል ጽሑፍ ያለ መሰላት። በጥቅምት ማሽኑ ላይ ያስተኛችው አንዱን ገጽ ብቻ ነበር። ገለበጠችው። በጀርባው ሦስት መስመር አለ፦

«ማሳሰቢያ፦ በሐይቁ ላይ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ ነጂዎች ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ከማኅበራቸው ይዘው እስከ ኅዳር ሠላሳ ድረስ ካመለከቱ፣ ፈተናውን ሳይወስዱ የብቃት ወረቀቱ ይሰጣቸዋል።»